መርዶ በመድረክ፦ የአምስተርዳም ተውኔት ሞትን ለማን ይነግራል?

በኔዘርላንድስ ተውኔት ስለ ሞት የሚደረገው ክርክር ለረጅም ዘመን በአንድ ጥያቄ ታስሮ ኖሯል፦ ሞት በተመልካች ፊት ይታይ ወይስ በመልእክተኛ አፍ ይነገር? ጥያቄውን በዚህ መልክ ካጸኑት ዋነኛው አንድሪስ ፔልስ ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ጥያቄው ከሥሩ የተጣመመ ነው የሚል ነው። የተውኔት ሞት ክብደቱ የሚለካው በመታየቱ ወይም በመነገሩ ሳይሆን በሰሚው ነው። ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ መርዶ።

ስለ ግሪክ ተውኔት መልእክተኞችና ስለ ሼክስፒር ሬሳዎች ሌሎች በቂ ጽፈዋል፤ አልመለስበትም። ፔልስ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1669 በአምስተርዳም የተቋቋመው የ«ኒል ፎሌንቲቡስ አርዱዩም» ማኅበር መሥራች ነበር፤ ማኅበሩም የፈረንሳዮችን የተውኔት ሥርዓት ይሰብክ ነበር። በ1677 የሆራስን የቅኔ ጥበብ ወደ ደች ቋንቋ መለሰ፤ በ1681 ደግሞ ስለ መድረክ አግባብና ያለአግባብ አጠቃቀም የጻፈው የግጥም ድርሰት ታተመ። የትችቱ ዒላማ ከሆኑት አንዱ ያን ፎስ ነው።

ፎስ ላቲን የማያውቅ መስታወት ገጣሚ ነበር፤ በቤተ ክህነት አነጋገር «ጨዋ» የሚባል ዓይነት። በ1641 የቀረበው «አራንና ቲቱስ» ተውኔቱ እጅ የሚቆረጥበት፣ እናት የልጆቿን ሥጋ ሳታውቅ የምትበላበት ነው። ሕዝቡ ወደደው፤ ፕሮፌሰሩ ባርሌዩስ ሳይቀር አደነቀው። ፔልስና ተከታዮቹ ይህን የሥርዓት ጉድለት አድርገው ቆጠሩት። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ምንጭ አለ፦ ፎስ በ1667 ለታተመው «ሜዲያ» የጻፈው መቅድም። ሆራስ በአንድ ቦታ ሁለት ነገር ይላል። ዓይን ያየው ጆሮ ከሰማው ይልቅ ልብ ይነካል፤ ቢሆንም ሜዲያ ልጆቿን በሕዝብ ፊት አትረድ። ፔልስ ሁለተኛውን ይዞ ሥርዓት አደረገው። ጨዋው ፎስ ግን የመጀመሪያውን አንሥቶ ሊቁን በገዛ ቃሉ ሞገተው። መቅድሙን እንደ አላዋቂ ማሳበቢያ ያለፉት ሰዎች ሆራስን ራሱን ደግመው ቢያነቡ ይበጃቸው ነበር።

ፎስም ቢሆን ከዓይንና ከጆሮ ወጥመድ አልወጣም። መውጫውን የሚያሳየን ሁለቱም ወገኖች ያልጠየቁት የጸሐፌ ተውኔቱ የቮንደል «ኼይስብሬኽት ፋን አምስቴል» ነው። የአምስተርዳም ቴአትር ቤት ጥር 3 ቀን 1638 የተከፈተው በዚህ ተውኔት ነው፤ ለታኅሣሥ 26 ታስቦ የነበረው በካልቪናውያን ቀሳውስት ተቃውሞ ዘግይቶ። በገና ሌሊት ከተማዪቱ ስትወድቅ የመነኮሳይያቱን ዕልቂት መልእክተኛ ይተርካል። በመድረኩ ልማድ ግን ያው ዕልቂት ተዋንያን እንደ ሥዕል ደርቀው ቆመው ይታይም ነበር። መነገሩም መታየቱም በአንድ ምሽት! የፔልስ ክፍፍል እዚህ ይፈርሳል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ባዴሎኽ ናት፤ ቤት ተቀምጣ ወሬ የምትጠብቀው ሚስት።

ይህን ከቮንደል ይልቅ ግልጽ ያደረገው የሮተርዳሙ ተወላጅ ሄርማን ሄይርማንስ ነው። «በበረከት ተስፋ» የተባለው ተውኔቱ ታኅሣሥ 24 ቀን 1900 በአምስተርዳም ሆላንድሼ ስካውቡርኽ ቀረበ። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ባሕር የበላባት ክኒርቺ የቀሩትን ሁለቱን በበሰበሰ መርከብ ትሸኛለች። ታናሹ ባሬንድ ባሕሩን ፈርቶ ከበሩ መቃን ጋር ሲታገል በፖሊስ ተጎትቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማዕበሉንም መስጠሙንም አናይም፤ የዓይን ምስክር ሆኖ የሚተርክም አይመጣም። ወሬው የሚደርሰው በባለመርከቡ ቢሮ ነው።

ለሐበሻ አንባቢ አሰቃቂው እዚህ ላይ ነው። ሮተርዳምም ሆነ ሄግ ያለ አንድ ወገናችን አገር ቤት ሰው ቢሞትበት ወዳጆቹ ወሬውን ይደብቁታል፤ ሽማግሌ ይመርጣሉ፤ ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ ቀን፣ ሰው፣ ወንበርና እቅፍ አለው። ክኒርቺ ከእነዚህ አንዱንም አላገኘችም። የሰማችው ወለሉን ስትፈትግ በኖረችበት ቢሮ ነው፤ ወደ ቤቷ የምትመለሰውም ከአሠሪዎቿ የተሰጣትን የተረፈ ሥጋ በዕቃ ይዛ ነው። ኤስተር ዴ ቡር ፋን ራይክ ይህን ገጸ ባሕርይ ከ1200 ጊዜ በላይ ተጫውታዋለች፤ ደም ባይፈስበትም ሕዝቡ አልሰለቸውም።

«የፎስ ሬሳዎችስ?» የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው፤ እዚያ መርዶ የሚሰማው ተመልካቹ ራሱ ነው። ኢቮ ፋን ሆቨ በ2007 በአምስተርዳም ባዘጋጀው «የሮም ትራጄዲዎች» ገጸ ባሕርያቱ ሊሞቱ ስንት ደቂቃ እንደቀራቸው በመድረኩ ላይ በጽሑፍ ይነገር ነበር፤ ሟቹ ሳያውቅ ተመልካቹ ተረድቷል። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ም ከዚህ አይርቅም፤ ተመልካቹ ወደ አዳራሹ የሚገባው ጳጳሱ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. መረሸናቸውን አውቆ ነው።

ጥቂት ተውኔቶች ለአንድ አገር መድረክ ሁሉ ምስክር እንደማይሆኑ አልዘነጋሁም። ቢሆንም ፔልስ «ምን ይታይ?» ብሎ የዘጋውን በር «ማን ይረዳ? ማንስ ያርዳ?» የሚለው ጥያቄ ይከፍተዋል። ክኒርቺ ያን ዕቃ ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ የሚጠብቃት ሽማግሌ የለም፤ ሄይርማንስ ያንን ቦታ ባዶ የተወው ለአዳራሹ ነው።