ኑዛዜ፦ ከነፍስ አባት ጆሮ እስከ መዝገብ ቤት

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አባባሉ ስለ ትምህርትና ስለ ታሪክ ሲጠቀስ እንሰማዋለን። በቀጥታ የሚመለከተው ጉዳይ ቢኖር ግን የሟች ኑዛዜ ነው። ለመሆኑ በአገራችን የሟች ቃል ይጸና የነበረው በምን ነው? በብራና፣ በምስክር ወይስ በግዝት?

ከስሙ እንነሣ። በግዕዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ማለት ነው። ለነፍስ አባት ኃጢአትን መናገር ኑዛዜ ተባለ፤ ስለ ንብረት የመጨረሻ ቃል መስጠትም እንዲሁ ኑዛዜ ተባለ። ሁለቱ አንድ ስም የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚፈጸሙ ነበሩና። ሕመም የጸናበት ሰው የነፍስ አባቱን ያስጠራል፤ ሽማግሎችና ጎረቤቶችም ይሰበሰባሉ። ያለበትን ዕዳና ያበደረውን ይናገራል፤ ለተዝካሩ የሚሆነውን፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን፣ ለልጆቹ የሚያካፍለውን ይለያል። ቃሉን የሚያፈርስ ቢኖር ግዝቱ ይጠብቀዋል። ማኅተሙ ፍርሃተ እግዚአብሔር፣ መዝገቡም የሽማግሎች ትዝታ ነበር።

ጽሑፍ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ በሰፊው ይደነግጋል። በጎንደር ዘመን ደግሞ የርስት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በአድባራት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች የርስት ባለቤቶች ሆነው መገኘታቸው ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ውሉ በወንጌል ላይ የሰፈረውም ብራናው ስለማይጠፋ ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ ስለሚፈራ ጭምር ነው። በእስልምናው ሥርዓት በበኩሉ ሰው በኑዛዜ ሊሰጥ የሚችለው ከንብረቱ ሲሶውን ብቻ ነው፤ የቀረው በሸሪዓ ለተወሰኑት ወራሾች ይደርሳል።

ይሁንና የርስት አገር ኑዛዜ አንድ ብርቱ ተቃዋሚ ነበረው፤ እርሱም ዘር ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው። መሬቱ የዋናው አባት ተወላጆች ሁሉ ነውና፣ ሟች ለወደደው ሰጥቶ ቢያልፍ እንኳ ትውልድ ቆጥሮ የሚመጣ ባለ ርስት አይጠፋም። ስለዚህ የርስት ሙግት ልጅን ከልጅ ልጅ ሲያሟግት ኖሯል።

የነገሥታቱ ኑዛዜስ? ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሊሞቱ ሲሉ ራስ መንገሻን ልጃቸውና ወራሻቸው መሆኑን ተናግረዋል። ቃሉን በሥፍራው የነበሩት ሰሙት፤ ዘውዱን ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወሰዱት። የቃል ኑዛዜ ከኃይል ፊት አልቆመም።

ዐፄ ምኒልክ ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ሕመም በጸናባቸው ጊዜ ነገሩን ለቃል ብቻ አልተዉትም። በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ኢያሱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ስለነበረ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚትና እንደራሴ ሾሙለት። ኑዛዜው በጽሑፍ ሆነ፣ በዐዋጅ ተነገረ፣ መኳንንቱ ማሉበት፣ እርግማንም ታከለበት። ከዚህ በላይ ምን ጥንቃቄ አለ?

ነገር ግን ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በቦታቸውም ሌላ እንደራሴ አልተተካም። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ኢያሱን «ሃይማኖቱን ለውጧል» በሚል ክስ ሻሩት። መሐላው እንዳያስፈራቸው ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከግዝቱ ፈቷቸው። በወሩ በሰገሌ ብዙ ደም ፈሰሰ። ግዝትን ያሠረ ካህን ሊፈታው እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው። ሞግዚቱ ቢሞት ማን ይተካ የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱም ብዙ አስከፍሏል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ኑዛዜን ከግዝት አውጥቶ በፎርም አሠረው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና ወዲያው መፈረም አለበት፤ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ላይ መጠቀስ አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም መዝጋቢ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሰው በገዛ እጁ የጻፈው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ልጁን ከውርስ የሚነቅል ሰውም ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ አለበት።

ያ ጥንታዊው የአልጋ ዙሪያ ኑዛዜስ ምን ሆነ? ሕጉ አልሻረውም፤ አጠበበው እንጂ። ሞቱ የተቃረበ መስሎ የታየው ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃል ሊናዘዝ ይችላል። ሆኖም የሚናዘዘው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ከሦስት ወር በኋላ በሕይወት ከተገኘም ቃሉ ይፈርሳል። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን ደግሞ የርስቱ ሙግት መሠረት ተናደ፤ የከተማው ክርክር በቤት ላይ አተኮረ።

እንግዲህ ዛሬም ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በሁለቱ ዘመናት መካከል ነው። አባት በካህንና በሽማግሌ ፊት «ቤቱ ለእናታችሁ ይሁን» ብሎ ያርፋል። ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም አልቅሷል። ሕጉ ግን ባልን ወይም ሚስትን ከወራሾች አይቆጥርም። ሚስት ከጋራ ንብረቱ ድርሻዋን ትወስዳለች፤ የሟቹ ድርሻ ለልጆች ይሄዳል። የ500 ብሩ የቃል ኑዛዜም ቤት አይሸከምም። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ደግሞ ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ የሰጠው ውክልና ከሞቱም በኋላ የሚሠራ ይመስለዋል፤ ውክልና ግን በመሠረቱ ከወካዩ ጋር ይሞታል።

ግዝቱ ተፈቷል፤ ሽማግሎቹም አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ኑዛዜ የጥንት ትርጉሙ ማጽናናት ከሆነ፣ በቁም ሳሉ መጻፍ ሞትን መጥራት አይደለም። ለሚቀሩት የመጨረሻውን ማጽናኛ አስቀድሞ ማኖር ነው እንጂ።