የእንፋሎት ግፊትና የሙቀት መጠን፦ ከሠንጠረዥ ወደ ሕግ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። የልኬት ሠንጠረዥ ሕግ የሚሆነው መቼ ነው? መልሱን በእንፋሎት ግፊት ታሪክ ውስጥ እፈልገዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1801 ጆን ዳልተን በማንችስተር የምርምሩን ውጤት አቀረበ። በባሮሜትር ቱቦ ውስጥ፣ ከሜርኩሪው በላይ ባለው ባዶ ስፍራ ጥቂት ፈሳሽ አስገብቶ ቱቦውን በሙቅ ውሃ ከብቦት ነበር። ሙቀቱ ሲጨምር እንፋሎቱ ሜርኩሪውን ቁልቁል ይገፋዋል፤ የወረደበትም ልክ የግፊቱ መጠን ነው። ሠንጠረዡ እንዳሳየው ግፊቱ ከሙቀቱ ጋር እኩል አይራመድም፤ እየፈጠነ ይጨምራል። በዛሬው ልኬት የውሃ እንፋሎት ግፊት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 17.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በ100 ዲግሪ 760 ይደርሳል።

ዳልተን ግን ከዚህ የበለጠ ሥርዓት ፈለገ፤ ለእኩል የሙቀት ጭማሪ ግፊቱ በእኩል እጥፍ እንዲያድግ። ልኬቱ ይህን በትክክል ስላልደገፈ፣ በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱ የሚገጥምበትን አዲስ የሙቀት መለኪያ አቀረበ። ሜርኩሪ ሲሞቅ የሚሰፋው በእኩል መጠን አይደለም የሚል ምክንያት ነበረው። ቢሆንም ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። በእኔ እይታ፣ መለኪያን ከተወደደ ሥርዓት ጋር ማስማማት ለብርቱ አእምሮም የቀረበ ፈተና ነው።

ቀጣዩ ግፊት ከኢንዱስትሪ መጣ። የእንፋሎት ቦይለር ሲፈነዳ ሰው ይገድላልና፣ የፈረንሳይ መንግሥት አስተማማኝ አኃዝ ፈለገ። በ1820ዎቹ መጨረሻ ዱሎንግና አራጎ በፓሪስ እስከ 24 አትሞስፌር ለኩ፤ በ1847 ደግሞ ሬኞ እጅግ የጠራውን ሠንጠረዥ አሳተመ።

ይህ ሁሉ ግን አሁንም ሠንጠረዥ ነበር። በ1834 ክላፔሮን ግፊቱ ከሙቀት ጋር የሚጨምርበትን ፍጥነት ፈሳሹን ለማትነን ከሚያስፈልገው ሙቀትና ከይዘቱ ለውጥ ጋር አያያዘ፤ በቀመሩ ውስጥ ግን ምንነቱ ያልታወቀ አንድ የሙቀት ፈንክሽን ቀርቶ ነበር። በ1850 ክላውዚየስ የዚህን ፈንክሽን ምንነት ከሙቀት ሕጎች ተነሥቶ አብራራ።

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በዚያ ሙቀት ከአየሩ ግፊት ጋር ስለሚተካከል ነው። ሠንጠረዡ ይህን አኃዝ ይሰጠናል። ለምን እንዲህ እንደሆነና ሌላ ፈሳሽ ቢሆን ምን እንደምንጠብቅ የሚነግረን ግን ሕጉ ነው። ያለ ዳልተን፣ ያለ ዱሎንግና ያለ ሬኞ ድካም ግን ሕጉ የሚፈተንበት አኃዝ ባልኖረ ነበር።