መሐንዲሱ ዠኔራልና የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ

ሮበርት ናፒየር የተባለው የእንግሊዝ ዠኔራል በአገራችን የሚታወቀው በመቅደላ ብቻ ነው። ነገር ግን መቅደላ ከመድረሱ በፊት አርባ ዓመት ያህል የኖረበት ሙያ ነበረው፤ ይኸውም የጦር መሐንዲስነት ነው። የ1860 ዓ.ም. ዘመቻ እንዴት እንደ ተፈጸመ ለመረዳት የምንሻ ሁሉ ከጠመንጃው አስቀድመን ይህን ሙያ ብንመረምር ይበጀናል።

ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1810 ዓ.ም. በሴይሎን ደሴት በኮሎምቦ ተወለደ። መድፈኛ ሻለቃ የነበረው አባቱ በጃቫ ጦርነት ቈስሎ ስለ ሞተ ሕፃኑ ያለ አባት አደገ። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በአዲስኮምብ ባቋቋመው የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ በ1826 እ.ኤ.አ. በቤንጋል መሐንዲሶች ጓድ መኰንን ሆነ። ሕንድ ከገባ በኋላ በመጀመሪያ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ የጁምናን ወንዝ ውሃ ወደ እርሻ የሚወስደው ቦይ ነበር። ከዚያም በሂማላያ ተራሮች ላይ የዳርጂሊንግን ከተማ ቀየሰ። ከሲኮች ጋር በተደረጉት ሁለት ጦርነቶች ተሰልፎ ቈሰለ፤ ፑንጃብ በ1849 በእንግሊዝ እጅ ከወደቀ በኋላም በዚያው አገር ዋና መሐንዲስ ሆኖ መንገድና ቦይ አሠራ። በ1857 በላክናው፣ በ1860 ደግሞ በቻይና ተዋጋ። እንግዲህ የዚህ ሰው መንገድ ለገበሬውም ለመድፉም እኩል የሚያገለግል ነበር ማለት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ ተቈጥተው ቆንስላውንና ሌሎች አውሮፓውያንን ባሰሩ ጊዜ፣ ናፒየር የቦምባይ ጦር አዛዥ ነበር። ዘመቻው ለርሱ በመሰጠቱ የጦርነቱ ዐይነት አስቀድሞ ተወሰነ ለማለት እንደፍራለን። መሐንዲሱ ስለ ውጊያው ከማሰቡ በፊት ስለ ውሃ፣ ስለ ወደብና ስለ መንገድ አሰበ። ቀዳሚው ጓድ በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ከምጽዋ በስተ ደቡብ በምትገኘው በዙላ ወረደ። በዚያ የሚጠጣ ውሃ የለም፤ ስለዚህ በመርከቦቹ ላይ ባሉ መኪናዎች የባሕሩን ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ለሰውና ለከብት አጠጡ። ይህም ሁሉ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ወራት አያሌ የጭነት እንስሳት በጥምና በበሽታ አለቁ። ከባሕሩ ወደ ተራራው ግርጌ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ተነጠፈ፤ የቴሌግራፍ ሽቦም ተዘረጋ። ከሕንድ የመጡ የመሐንዲስ ወታደሮች በሱሩ ጠባብ ገደል ውስጥ ዐለቱን በባሩድ እያፈረሱ ወደ ሰንዓፌ የሚያወጣ መንገድ ከፈቱ። መድፎቹን የተሸከሙት 44 ዝሆኖች ናቸው። ወታደሩ ወደ 13 ሺህ ይጠጋ ነበር። ስንቁ በማርያ ቴሬዛ ብር ይገዛል፤ ደጃዝማች ካሣ ምርጫም፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ፣ በየካቲት ወር ከናፒየር ጋር ተገናኝተው ጦሩ በትግራይ በሰላም እንዲያልፍ ፈቀዱ።

በዚሁ ወራት ሌላ መንገድ ሠሪ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደዚያው አምባ ይጓዝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን «ሴባስቶፖል» የተባለውን ታላቅ መድፍ በመቶ በሚቈጠሩ ሰዎች እያስጐተቱ፣ ገደሉን እየቈፈሩና እየደለደሉ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። ሕንድ የሚልክላቸው መሐንዲስ የለ፣ የባቡር ሐዲድም የለ፤ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር። የጅዳን ሸለቆ ወርዶ ደላንታ የሚወጣውን ያን መንገድ ያዩ እንግሊዞች ራሳቸው አድንቀውታል። ያደነቁትም ቆመው አይተው ብቻ አይደለም፤ ከቤተ ሖር ጀምሮ ሄደውበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድፋቸው ያበጁት መንገድ የጠላታቸውን መድፍ ወደ መቅደላ አሻገረ። በዚያን ጊዜ ብዙው አገር በርሳቸው ላይ ሸፍቶ ስለ ነበር መንገዱን የሚዘጋ ሠራዊት አልነበራቸውም።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን ጦሩ የአምባውን በር ባጠቃ ጊዜ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። የመሐንዲሱ ዠኔራል መሐንዲሶች በሩን የሚያፈርሱበትን ባሩድና መሰላላቸውን ረስተው ተገኙ! እግረኛ ወታደሮቹ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ገቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ። ከአምባው የተዘረፈውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ።

ዘመቻው የእንግሊዝን መንግሥት 9 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አስወጣ፤ ምክር ቤቱም ስለ ወጪው ጠየቀ። ናፒየር ግን «የመቅደላ ሎርድ» ተባለ፤ በሕንድ የጦር ጠቅላይ አዛዥ፣ በጂብራልታር አገረ ገዥ፣ በመጨረሻም ፊልድ ማርሻል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1890 ሞተ፤ በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። የዙላው ሐዲድ ጦሩ ሲመለስ ተነቅሎ በመርከብ ተጫነ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አለ።