ጉዲፈቻ

በሕግ መጻሕፍታችንም በፍርድ ቤት አደባባይም ዘወትር የምንሰማው «ጉዲፈቻ» የተባለው ቃል፣ ከግዕዝ የወጣ ቢመስልም፣ ምንጩ የኦሮሞ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «ጉዲሱ» ማሳደግ ሲሆን፣ «ጉዲፈቹ» ግን ለራስ ማሳደግ ነው፤ አማርኛ «ለራስ» የሚል ቃል ካልጨመረ በቀር የማይገልጸውን ምሥጢር እርሱ በአንዲት ግስ ውስጥ ሰውሮ ይዞታል፤ እኔም በዚህ እቀናበታለሁ። በኦሮሞ ሥርዓት በጉዲፈቻ የገባ ሕፃን የአሳዳጊውን ጎሣ ስምና ርስት የሚወርስ፣ ከአብራክ ከተከፈለው የማያንስ ልጅ ነው።

አማራው በበኩሉ «የጡት ልጅ» ይላል፤ ይኸውም አሳዳጊው ጡቱን ወይም አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ የሚያጠባበት ጥንታዊ ልማድ ስለ ነበረ፣ ወንዱም እንኳ ሳይወልድ «የጡት አባት» ተብሎ ስለሚጠራ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ተጠምቀው ስለሚቀበሉት ጸጋ ስታስተምር «የሥላሴ ልጅነት» ማለቷ፣ ልጅነት በሥጋ ልደት ብቻ እንደማይገኝ ያሳያል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ውል በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ አዝዞ፣ ሕፃኑ ከወላጆቹ ጋር ያለውን ዝምድና ግን አልቆረጠበትም። እንግዲህ «ጉዲፈቻ» ማለት ሥርዓቱ እንጂ ሕፃኑ አይደለምና፣ ልጁን «ጉዲፈቻው» እያሉ የሚጠሩ ሰዎች ቋንቋውንም ልጁንም ይበድላሉ።