የሶፍትዌር ፕሮጀክት መነሻ ገጽ

አንድ ፕሮግራም ምን እንደሚሠራና ከየት እንደሚወርድ ለአዲስ ተጠቃሚ የሚያሳውቅ የድረ ገጽ ፊት። ጥሩ ምሳሌው የቪኤልሲ ቪዲዮ ማጫወቻ ገጽ ነው። ፕሮጀክቱ በ1996 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች ተጀምሮ በ2001 ጂፒኤል በሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ገጹን የከፈተ ሰው ዓይኑ በቀጥታ የሚያርፈው አንድ ትልቅ የማውረጃ ቁልፍ ላይ ነው። ገጹ የጎብኚውን ኮምፒውተር ለይቶ ዊንዶውስ ላለው የዊንዶውሱን፣ ማክ ላለው የማኩን ፋይል ያቀርብለታል። ጀማሪን «ኮምፒውተርህ ባለ 32 ቢት ነው ወይስ ባለ 64?» ከሚል ጥያቄ ማሳረፍ ትልቅ ውለታ ነው። የምንጭ ኮድና የገንቢዎች ሰነድ ከታች ቢቀመጡ ይበቃል፤ ባለሙያው ፈልጎ አያጣቸውም። ቁልፉ ተደብቆ ከሆነ ግን ጀማሪው ወደ ሌላ ድረ ገጽ ሄዶ ቫይረስ ያለበት ቅጂ ሊያወርድ ይችላል።