ያለ ሞተር መብረር



ቅዳሜና እሑድን ከቢሮ ሥራው ዐርፎ ወደ ራቤል የወጣ መንገደኛ፥ ከመንዝና ከግሼ ደጋ ገደል አፋፍ ቆሞ ቢመለከት፥ አሞራ ክንፉን ሳያራግብ ሽቅብ ሲወጣ ያያል። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ነፋስ ከገደል ጋር ሲጋጭ መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ያሞቀችውም የቆላ አየር እንዲሁ ይነሣል። አሞራውም በዚሁ ላይ ይሳፈራል።

ይህን አስተውሎ በሥራ የገለጠው ኦቶ ሊሊየንታል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። አስተማሪው ሽመላ ነበረ፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ከሚሰደዱት ሽመላዎች ከፊሎቹ ወደ አገራችን ይደርሳሉ። ሊሊየንታል ከ1883 ዓ.ም. ጀምሮ ከኮረብታ እየተነሣ 2,000 ጊዜ ያህል በረረ፤ እስከ 250 ሜትርም ተጓዘ። በ1888 ዓ.ም. ነሐሴ፥ የዐድዋ ድል በተገኘ በአምስት ወሩ፥ ወድቆ ሞተ።

ሥራው ግን አልሞተም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን የሞተር አውሮፕላን እንዳትሠራ በቬርሳይ ውል በተገደበች ጊዜ፥ ወጣቶቿ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በ1912 ዓ.ም. በቫሰርኩፔ ተራራ ተሰብስበው ያለ ሞተር በመብረር ተወዳደሩ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ፍራንሲስ ሮጋሎ፥ ባለቤቱ ገርትሩድ ከመጋረጃ ጨርቅ የሰፋችለትን ተጣጣፊ ክንፍ አበረረ። ዛሬ በየአገሩ በዕረፍት ቀን በተራራ ላይ የሚሰበሰቡ በራሪዎች የእነዚህ ሰዎች ወራሾች ናቸው።

አባቶቻችን ይህንኑ አሞራ፥ ይህንኑ ገደል ዘወትር ያዩ ነበር፤ እኛም እናያለን። ነገር ግን ማየት ሌላ፥ ማስተዋል ሌላ ነው። በራቤል አፋፍ የሚቆም ልጅ «እንዴት?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ዝም በል አንበለው።