ከአለምገና እስከ ወላይታ ሶዶ፦ አባቶቻችን በኅብረት ያስጀመሩት መንገድ



የአረፋ በዓል ሲቃረብ ከመካከላችን ብዙዎች ከአዲስ አበባ ተነሥተው በአለምገና በኩል ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ወራቤና ወደ ሆሳዕና ይወርዳሉ። ለመስቀል ደግሞ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በዚያው መንገድ ይጓዛሉ። አውቶቡሱ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ሲሻገር «ይህ መንገድ እንዴት መጣ?» ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ላስታውሳችሁ ወደድሁ።

መንገዱ ከመውጣቱ በፊት የሀገሩ ሰው የሚጓዘው በእግርና በጋማ ከብት ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃውና የወንዙ ሙላት ጉዞውን ያቋርጡታል። በጽኑ የታመመ ሰው በቃሬዛ በሰው ትከሻ ይወሰዳል። የማረቆ በርበሬም ሆነ የገበሬው ሌላ ምርት ገበያ እስኪደርስ ድካሙ ከዋጋው ይበልጥ ነበር። በዚያ ዘመን ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገባው ወጣት ሊስትሮነትና ችርቻሮ ንግድ ይዞ ቀስ በቀስ ራሱን ቢችልም፣ ልቡ ከሀገር ቤት አልተለየም።

መንግሥት በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ያቋቋመ ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትኩረቱ በዋና ዋናዎቹ አውራ ጎዳናዎች ላይ ነበር። ተራ እስኪደርስ መጠበቅ ልጆችን ያለ ትምህርት፣ በሽተኞችን ያለ ሕክምና ማስቀረት ማለት ነው። በእድርና በዕቁብ ተሰባስቦ ገንዘብ መያዝን የለመደው የከተማው ሰው ያንኑ ልማድ ሰፋ አድርጎ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአለምገና–ወላይታ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበርን አቋቋመ። ነጋዴውም፣ ደመወዝተኛውም፣ ሀገር ቤት ያለው ገበሬም እንደ አቅሙ አዋጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው በሥራ ታየ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

አንደኛው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ የሚጎድለው ብዙ ነበር፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የአምልኮ ቤት። ነገር ግን መምህሩም፣ መድኃኒቱም፣ ቆርቆሮውና ሲሚንቶውም የሚመጡት በመንገድ ነው። መንገዱን ያስቀደመ ሰው ሌሎቹን አልተዋቸውም፤ የሚገቡበትን በር ከፈተላቸው እንጂ።

ሁለተኛው በማኅበሩ ስም ውስጥ ያለው ትምህርት ነው። በማኅበሩ ውስጥ ዋናውን ድርሻ የያዙት ጉራጌዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ የመንገዱ መነሻ አለምገና የኦሮሞ ምድር ነው፤ መድረሻው ሶዶ ደግሞ የወላይታ ከተማ ነው። ሁለቱም ጫፎች ከጉራጌ ውጭ ናቸው። «እኔ ደጅ ላይ ይቁም» ቢባል ኖሮ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር ባልታሰበም ነበር። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ ማኅበር የመረመሩት፣ በከተማውና በገጠሩ ሕዝብ መካከል ያለውን ትስስር በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። መስመሩ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ክስታኔውንም መስቃኑንም፣ ስልጤውንም ሀዲያውንም ያገናኛል። አቧራውም ጥቅሙም የሁሉም ነበር።

ሥራው ቀላል ነበር ለማለት አይደለም። ለድሃ ገበሬ መዋጮ ሸክም ነው። የመጀመሪያው መንገድ የጠጠር ነበር፤ ዛሬ የምንሄድበት አስፋልት የመጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ በመንግሥት ሥራ ነው። ብዙዎቹ አዋጪዎች አስፋልቱን ሳያዩ አልፈዋል። ሆኖም የኋለኞቹ የቀጠሉት እነርሱ ባስጀመሩት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ አስተዳደሩ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የራሱን አስተዳደር መረጠ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ተቋቋሙ። ያ አንድ መንገድ ዛሬ ኦሮሚያን ጨምሮ ሦስት ክልሎችን ያቋርጣል። ወሰን ሲለዋወጥ መንገዱ አልተቆረጠም፤ ነገር ግን «ይህ የኛ፣ ያ የነሱ» የሚለው ንግግር እንደ አባቶቻችን ተሰባስቦ መምከርን ሊያከብድብን ይችላል። ስጋቴም ይኸው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በጀመዓችንም ሆነ በሀገር ቤት ስለ ልማት ስንመክር ሦስት ነገር እንያዝ። መጀመሪያ ሌላው ሁሉ የሚመካበትን አንድ ነገር እንምረጥ። ቀጥሎ ጎረቤታችንን፣ በሃይማኖትም በቋንቋም የሚለየንን ጭምር፣ ከመጀመሪያው ምክር ላይ እንጥራው፤ ከተወሰነ በኋላ ለመዋጮ ብቻ አንጥራው። በመጨረሻም ሒሳቡን ለሁሉም ግልጽ እናድርግ፤ የተሠራውንም እንጠግን።

ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሣት እንኳ በዲናችን ሰደቃ ነው። እንግዲህ መንገዱን ራሱን ላወጡትና ምንዳው ሳይቋረጥ ለሚደርሳቸው ምን ይባላል? በሚቀጥለው አረፋ አዋሽን ስትሻገሩ በዱዓ አስቧቸው። አላህ ለእኛም የማናየውን ፍሬ የምንተክልበት ልብ ይስጠን። አሚን።